ከጠረጴዛው ማዶ ያየሁት
(በማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እናቴ የዚህ ማህበር አባል ናት፤ እኔ በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግና ፋይናንስ ተማሪ ነኝ። ከመመረቃችን በፊት ኢንተርንሺፕ የምንለው የተግባር ልምምድ አለብን። የእኔ ምድብ እዚሁ ከተማችን፣ አነስተኛ ብድርና ቁጠባ በሚሰጥ ተቋም ቅርንጫፍ ውስጥ ነበር። የተቋሙንም የደንበኞቹንም ስም አልጠራም። የደንበኛን ሚስጥር ለመጠበቅ ገና በመጀመሪያው ቀን ፈርሜያለሁ። ሰብሳቢያችን ግን ያየሽውን ለእናቶች ንገሪልን ስላሉኝ፣ ለሁላችን ይጠቅማል ያልኩትን ይዤ ቀርቤያለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሥራዬ ፎቶ ኮፒ ማንሳትና ፋይል በተራ ማስቀመጥ ነበር። ሌላ ቦታ የተመደቡ ጓደኞቼ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሰጣቸው ይማረራሉ። እኔ ግን ብዙውን ነገር የተማርኩት ከፋይሎቹ ነው። በእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ የብድር ማመልከቻ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የዋስ ቅጽና የመክፈያ ሰንጠረዥ አለ። ያልተፈቀዱ ማመልከቻዎች ለብቻቸው ይቀመጣሉ። እነሱን በተራ ሳስቀምጥ፣ ቀድሞ የተበደሩትን ያልመለሱ ሰዎች ይሆናሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እንደዚያ ያሉም ነበሩ። የሴቶቹን ፋይሎች ሳይ ግን በአብዛኛው የጎደለው ወረቀት ነበር፤ ገቢዋን የሚያሳይ ማስረጃ የለም፣ የቤቱ ካርታ በስሟ አይደለም፣ ደመወዝተኛ ዋስ አላገኘችም።

ከብድር ባለሙያው ጋር ወደ ገበያ ወጥቼ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቆጮና ቡላ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ብዙ ዓመት ሠርተዋል፤ ዕቁባቸውን አንድም ሳምንት አላስተጓጎሉም፤ ጎረቤት ነጋዴዎች ሁሉ መሰከሩላቸው። ባለሙያው "የወር ገቢዎ ስንት ነው?" አላቸው። "ልጄ፣ እግዜር የሰጠኝን ነዋ!" አሉት። ቅጹ ላይ ደግሞ ለእግዜር የተተወ ቦታ የለም፤ ቁጥር ነው የሚፈልገው። ባለሙያው ለጥንቃቄ ብሎ ዝቅ ያለ ቁጥር ጻፈ። የተፈቀደላቸውም ብድር ከጠየቁት ከግማሽ በታች ሆነ። ባለሙያው ክፉ ሰው አይደለም። የሚያበድረው ገንዘብ የሌሎች ቆጣቢዎች ገንዘብ ነው፤ ቢጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው። እናታችንም አልዋሹም። ያ ሁሉ ዓመት የከፈሉት ዕቁብ ግን ዳኛው ደብተር ላይ እንጂ እሳቸው እጅ ላይ አልተጻፈም። አበው በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚሉት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መልእክቴ ደብተር እንያዝ የሚል ነው። የሃምሳ ሉክ ደብተር ይበቃል። በአንዱ ገጽ የገባውን፣ በሌላው የወጣውን በየቀኑ እንጻፍ። መጻፍ የማትችል እናት ማታ ልጇን ታስጽፍ። ዓመቱን ሙሉ ገቢ እኩል እንዳልሆነም ደብተሩ ይናገራል። ቅቤ የምትሸጥ እህት ለፍቼ ጨምበላላ ሰሞን የምታገኘውንና በሌላው ወር የምታገኘውን ለይታ ማሳየት ከቻለች፣ የመክፈያ ጊዜዋ ከገበያዋ ጋር እንዲገጥም ለመጠየቅ መነሻ አላት ማለት ነው።

ስለ መያዣም አንድ ነገር ልጨምር። ቤትና ካርታ ከሌለን መያዣ የለንም ብለን ነው የምናስበው። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ግን ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። የልብስ ስፌት ማሽን፣ ፍሪጅ፣ የዳቦ ማሽን፣ የወተት ላም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። እያንዳንዱ ተቋም በምን ያህል እንደሚቀበለው የራሱ አሠራር አለው። ስለዚህ ስንሄድ "ተንቀሳቃሽ ንብረት በመያዣነት ትቀበላላችሁ?" ብለን እንጠይቅ። የግዢ ደረሰኝ ደግሞ አንጣል። ዕቃው የማን እንደሆነ የሚመሰክረው እሱ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ወለድ ነው። ሰው ሁሉ "ወለዱ በመቶ ስንት ነው?" ብሎ ይጠይቃል። እንዴት እንደሚታሰብ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በምሳሌ እንየው። 24,000 ብር ለአንድ ዓመት፣ በመቶ 15 ወለድ ተበደርን እንበል። ባለሙያዎቹ "ፍላት" በሚሉት አሠራር ወለዱ እስከ መጨረሻው በ24,000 ብሩ ላይ ይታሰባል፤ የዓመቱ ወለድ 3,600 ብር ይሆናል። "ዲክላይኒንግ" በሚሉት አሠራር ግን ወለዱ የሚታሰበው በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ ነው። ከዋናው ገንዘብ በየወሩ 2,000 ብር ብንመልስ፣ የመጀመሪያው ወር ወለድ 300 ብር፣ የሁለተኛው 275፣ እንዲህ እያለ የመጨረሻው ወር 25 ብር ይሆናል። ሲደመር 1,950 ብር ነው። ሁለቱም በመቶ 15 ይባላሉ፤ ልዩነታቸው ግን 1,650 ብር ነው። ይህ ለአንዲት እናት የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ነው።

ወለዱ ላይ የሚጨመሩም አሉ፤ የአገልግሎት ክፍያ፣ የብድር መድን፣ የግዴታ ቁጠባ። እነዚህ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ እጃችን ሳይገባ ይቆረጣሉ። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። እጄ ላይ የሚገባው ስንት ነው? በአጠቃላይ የምመልሰው ስንት ነው? አንድ ወር ብዘገይ ቅጣቱ ስንት ነው? በስልክ ለምንበደረውም ጥያቄው ያው ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ እንደ "መላ" እና "እንደኪሴ" ያሉ ብድሮች መጥተዋል። ወረፋ የለም፣ ዋስ የለም፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ጣታችን ከመጫኑ በፊት የሚቆረጠውን ክፍያና የመመለሻውን ቀን እናንብብ። ቅርንጫፉ ውስጥ የጣት አሻራቸውን አድርገው "ምን ላይ ነው የፈረምኩት?" ብለው ከበር የተመለሱ እናት አይቻለሁ። ያ ጥያቄ ከፊርማው በፊት ቢመጣ ማንም አይቆጣም። ቢቆጣም እንጠይቅ።

ሦስተኛው፣ በጣም ያሳሰበኝ ጉዳይ የቡድን ዋስትና ነው። መያዣ የሌለው ሰው በጎረቤቱ ዋስትና ይበደር የሚለው ሐሳብ በዓለም የታወቀው በባንግላዴሽ ነው። ፕሮፌሰር መሐመድ ዩኑስ በ1976 እ.ኤ.አ. በአንዲት መንደር ለ42 ሰዎች በድምሩ 27 ዶላር በማበደር ጀመሩት። በአገራችንም ተቋማቱ በአዋጅ ቁጥር 40/1988 ሕጋዊ መሠረት አግኝተው በዚሁ መንገድ ብዙ ሴቶችን ደርሰዋል። መልካምነቱ አያጠራጥርም። ጉዳቱ የሚታየው ከመካከላችን አንዷ ስትወድቅ ነው።

አንድ የቆየ ፋይል አገኘሁ። አምስት ሴቶች በቡድን ተበድረዋል። አንዷ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ምግብ ታበስላለች። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ጀምሮ ስንት ልጃገረድ ከየገጠሩ እንደመጣ፣ ስንቷም እናት እነሱን በማብላትና ቤት በማከራየት እንደኖረች ታውቃላችሁ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ግን አሜሪካ አገራችንን ከአጎዋ አስወጣች። ከዚያው ሰሞን ፋብሪካ የዘጉም፣ ሠራተኛ የቀነሱም ነበሩ። ፋይሉ ላይ የምግብ ሻጯ ክፍያ በዚያው ጊዜ ተቋረጠ። የቀረውን ዕዳ አራቱ ከራሳቸው ላይ ከፈሉ። ከአምስቱ አንዷም ዳግም በቡድን አልተበደረችም። ሰነፍ አልነበረችም፤ ገበያዋ ነው የጠፋው። አሁንም የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ችግር ሲመጣ ደብዳቤ ጽፎ የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘም መጠየቅ ይቻል ነበር። ፋይሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ማመልከቻ የለም። እንደሚቻል የነገራቸው ሰው አልነበረም ይሆናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየቡድናችን ማንበብና መጻፍ የምትችል አንዲት ወጣት ትመደብ፤ በሳምንታዊው የቁጠባ ስብሰባ ላይ ለእያንዳንዷ አባል የቆጠበችውንና የከፈለችውን በራሷ ደብተር ላይ ትጻፍላት፤ የማህበሩም ማህተም ይረፍበት። እኔ እስክመረቅ ድረስ በእናቴ ቡድን ለመጀመር ዝግጁ ነኝ፤ የክፍል ጓደኞቼም ሁለቱ እሺ ብለዋል። ሁለተኛ፣ ማንም አባል ለሌላ ሰው ዋስ ከመሆኗ በፊት ውሉ በቡድኑ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። ሦስተኛ፣ ገበያ የጠፋባት ወይም የታመመች አባል ክፍያ ከመቋረጡ በፊት ማህበሩ በስሟ የማራዘሚያ ደብዳቤ ይጻፍላት።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ለተዘዋዋሪ ብድር የምትሰጡን ገንዘብ ሥራ ላይ ውሏል፤ እናመሰግናለን። በሚቀጥለው ዓመት ከድጋፉ ትንሿን ለደብተር፣ ለካልኩሌተርና ለመዝገብ አያያዝ ሥልጠና እንድታውሉልን እንጠይቃለን። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ነገር ግን አንዲት እናት ሁለትና ሦስት ዓመት የተጻፈ ደብተር ይዛ ባንክ ከገባች፣ የእናንተን ተዘዋዋሪ ብድር ለሌላ እህት ለቃ በራሷ ስም ትበደራለች።

የልምምድ ጊዜዬ ሲያልቅ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ የወደፊት ሐሳቤን ጠየቁኝ። ባንክ ውስጥ መሥራት እንደምፈልግ ነገርኳቸው። እውነትም እፈልጋለሁ። በብድር ጠረጴዛ ላይ ብቀመጥ፣ እግዜር የሰጠኝን ለሚሉኝ እናት ዝቅ ያለ ቁጥር ከመጻፌ በፊት "እስቲ ትናንት ስንት ሸጡ? ገበያ የደራ ቀንስ?" ብዬ አብሬያቸው ለመደመር አስባለሁ። እስከዚያ ግን ድምሩን እዚሁ በየቡድናችን እንጀምረው።