የመንጋጋ ሕመም፣ እንቅልፍና ሐሳብ
(በኮምቦልቻ አካባቢ ለሚኖሩ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መንጋጋ ሕመም ነው። «ይህ ደግሞ ምን ወሬ አለው?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን መንጋጋው ለወራት የሚያመው ሰው እንጀራ መጉረስ ያቅተዋል፤ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል፤ ጧት ለሥራ ጉልበት ያጣል።

እስቲ ጣታችሁን ከጆሯችሁ ፊት አድርጉና አፋችሁን ክፈቱ፤ ዝጉ። ከጣታችሁ ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። እሱ የመንጋጋ መጋጠሚያ ነው። በግራም በቀኝም አለ። መጋጠሚያው ወይም በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ሲታመሙ፣ ሕመሙ ወደ ጆሮ፣ ወደ ራስና ወደ ጥርስ ይሄዳል። በዚህ የተነሣ ደህና ጥርሱን የሚያስነቅል ሰው አለ። ጥርሱ ይነቀላል፤ ሕመሙ ግን እዚያው አለ።

ሕመሙ ከምን ይመጣል? መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ተመትቶ ነው። አንዳንዱ ተኝቶ ጥርሱን ያፋጫል፤ የሚሰማው አጠገቡ የተኛው ነው። አንዳንዱ ሲጨነቅ ጥርሱን ነክሶ ይውላል። ጫት ሲያኝክ የሚውልም መንጋጋውን ያደክማል፤ ጫቱ ደግሞ እንቅልፉን ይወስድበታል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሕመም እንቅልፍ ይነሣል። እንቅልፍ ላጣ ሰው ትንሹ ሕመም ትልቅ ሆኖ ይሰማዋል። ሁለቱ ሲደራረቡ ሐሳብ ይመጣል፤ ሆድ ይብሳል። ሐሳቡም መልሶ ጥርስ ያስነክሳል። ነገሩ አውድማ ላይ እንደሚዞሩ በሬዎች ነው፤ አንዱ ሌላውን ይከተላል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰዷል፤ ዘመድ የቀበረም አለ። እንዲህ ያለ መከራ ያየ ሰው ሌሊት ቢባንን፣ ጥርሱን ቢነክስ አያስደንቅም። ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ስለዚህ «የሐሳብ ነው፤ ውሸቷን ነው» አትበሉ። ሐሳብ ያባባሰውም ሕመም እውነተኛ ሕመም ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ፣ መንጋጋን ማሳረፍ። ቆሎና ጥሬ ሥጋ ለጊዜው ይቅር፤ ገንፎና ፍትፍት ይሻላል። ከንፈር ይዘጋ፤ የላይና የታች ጥርስ ግን አይነካካ። በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ጨምቃችሁ ጉንጫችሁ ላይ ያዙ።

2ኛ፣ እንቅልፍን መጠበቅ። ለአዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ቡና መጠራራቱ ደግ ነው፤ ግን የማታው ይቅር። ጫትም ይቅር። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተኙ፤ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሡ።

3ኛ፣ መናገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ እንቅልፍ ማጣታችሁንም፣ ሐሳባችሁንም ንገሩ። ካልተነገረው ሐኪሙ መንጋጋውን ብቻ ያያል። መኖር አስጠልቶት የሚያውቅ ሰው ካለ አንድ ቀንም አይዘግይ፤ ብቻውንም አትተዉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከመንጋጋ ሥር እብጠትና ትኩሳት ካለ፣ ወይም ሰው ከቆሰለ በኋላ አፉ አልከፈት ካለ፣ ቤት አታቆዩት። ሁለተኛው መንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ይችላል፤ ይገድላል። ፈጥናችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ወደ ሆስፒታል ከላኩት ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ማንበብ የቻላችሁ ይህን ላልቻለው ጎረቤት አንብቡለት። ምናልባት ሌሊቱን ሙሉ መንጋጋውን ይዞ የሚያድር፣ ለማንም ያልነገረ ሰው ይሆናል።