ገላን ሁሉ ስለሚነካ አንድ ደዌ

በኢሉባቦር፣ በመቱ፣ በጎሬ ወይም በቡሬ ገበያ መካከል፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ምልክት በገላው ላይ የተበተነበት፣ ከጎረመሰ ወዲህም ለስላሳ እባጭ የበዛበት ሰው ሲያልፍ፣ የሥጋ ደዌ የያዘው መስሎት ገለል የሚል ቢኖር፣ የሥጋ ደዌ ምልክት ሲነኩት የሚደነዝዝ ሲሆን የዚህኛው ስሜቱ ሙሉ እንደ ሆነ፣ ከሰው ወደ ሰውም ከቶ እንደማይጋባ ይወቅ።

ኒውሮፋይብሮማቶሲስ የሚባለው ይህ ደዌ፣ እባጩ ከነርቭ እንደሚነሣ ጀርመናዊው ሊቅ ፎን ሬክሊንግሀውዘን በ1882 እ.ኤ.አ. ያስረዱለት፣ ከ3,000 ሰው በአንዱ ያህል የሚገኝ ሲሆን፣ መንሥኤውም በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ ጂን መበላሸቱ ነው። ሕሙሙ ከሚወልዳቸው ልጆች እያንዳንዱ የመውረስ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው፤ ይሁን እንጂ ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ ከወላጅ ሳይወርሱ ደዌው በእነርሱ የጀመረ ስለ ሆነ፣ እናትን በእርግማን መክሰስ፣ እኔ እንደማየው፣ ከደዌው ይልቅ የከፋ ነው።

ጭንቁ ግን የቆዳው ሐኪም እባጩን፣ የዓይኑ ሐኪም ዓይኑን፣ የአጥንቱ ሐኪም የተጣመመውን ጀርባ ለየብቻ አይተው ሲያሰናብቱ፣ ሰውየውን በምልዓት የሚያየው መታጣቱ ነው። በሌላው ዓለም ለዚሁ ደዌ ብቻ የቆሙ ክሊኒኮች አሉ፤ ለኢሉባቦር ቡና አምራች ግን 600 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በየጊዜው መመላለስ የማይሞከር ስለ ሆነ፣ ክትትሉ ከመቱ ካርል ሆስፒታል ቢጀምር ይበጃል። ለዚህም የሚያሻው ብርቅ መሣሪያ አይደለም፤ አንድ ሐኪም የሁሉ አገናኝ ሆኖ፣ ሕሙሙም አንድ ደብተር ይዞ፣ የኩላሊት ደም ሥር መጥበብ ወይም ከኩላሊት በላይ ባለው ዕጢ ላይ የሚወጣ እባጭ ግፊት ያመጣልና በየዓመቱ የደም ግፊቱ ቢለካ፣ ልጁ ጎንበስ ብሎ ጀርባው ቢታይ፣ የዓይን ነርቭ እባጭ በብዛት የሚነሣው ከሰባት ዓመት በታች ነውና የሕፃኑ ዓይን ሳይዘገይ ቢመረመር፣ ትምህርት የከበደውም ልጅ ሰነፍ ከመባሉ አስቀድሞ ለመምህሩ ቢነገርለት፣ ከሥራው ብዙው ተሠራ ማለት ነው። ደዌው ያለባቸው ሴቶችም ከ30 ዓመት ጀምሮ ጡታቸውን ያስመርምሩ።

እባጩ አብዛኛውን ጊዜ ነቀርሳ አይደለምና የማያስቸግረውን ሁሉ ማስቆረጥ አያሻም። ዳሩ ግን ብዙ ዘመን ዝም ብሎ የኖረ እባጭ በድንገት ቢያድግ፣ ቢጠጥር፣ እንቅልፍ የሚነሣ ሕመም ቢያመጣ ወይም እጅ እግርን ቢያዝል፣ የመንደር ምላጭ ሳይነካው ሕሙሙ ከነደብተሩ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ በቶሎ ይላክ።