ስንት ጊዜ ተጠቀሰ? የሕክምና ተመራማሪን ስለ መመዘን



ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለምጠራ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ወደ አድዋ ልውሰዳችሁ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ያለ ቀንድ አውጣ የሕይወት ዑደቱን አይጨርስም። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ልብስ ያነጹበት ፍሬ የበሽታውን መንገድ ሊዘጋ እንደሚችል የታሰበው ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ዘገባ በ1965 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ወጣ። በ1989 ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።

የዶክተር አክሊሉን ፋይል የዛሬ የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ቢከፍተው ሦስት ጥያቄ ያነሳል፤ ስንት ጽሑፍ? የት ታተመ? ስንት ጊዜ ተጠቀሰ? በየተራ እንያቸው።

«ስንት?» የሚለው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በሕክምና ምርምር አንድ ጽሑፍ አሥርም ሃያም ደራሲ ይኖረዋል። በልማዱ መጀመሪያ የተጻፈው ሥራውን በዋናነት የሠራው፣ መጨረሻ የተጻፈው የቡድኑ መሪ ነው። መሀል ላይ ያለው ግን ሌሊቱን ሙሉ ናሙና ሲመረምር ያደረም፣ ስሙን በውለታ ያስገባም ሊሆን ይችላል። ቆጠራው ሁለቱንም አንድ ብሎ ይመዘግባል።

«የት?» ለሚለው ብዙዎቻችን በኢምፓክት ፋክተር እንመልሳለን። መነሻው ዩጂን ጋርፊልድ ነው። በ1955 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቀረበ፤ ዶክተር አክሊሉ አድዋ በነበሩበት በ1964 ደግሞ ማውጫውን ከፊላደልፊያ ሥራ ላይ አዋለ። ኢምፓክት ፋክተር የዚያ ልጅ ነው። አንድ መጽሔት ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዚህ ዓመት የተጠቀሱበት ብዛት ለጽሑፎቹ ቁጥር ይካፈላል። እንግዲህ የመጽሔት አማካይ ነው። አማካዩንም ከፍ የሚያደርጉት ጥቂት በብዛት የተጠቀሱ ጽሑፎች ናቸው። ሰፈሩ ውስጥ አንድ ባለጸጋ ስላለ ጎረቤቱ ሁሉ ባለጸጋ ነው አንልም፤ ተመራማሪውን ግን ባሳተመበት ሰፈር እንመዝነዋለን። በዚህ ሚዛን የ1965ቱ የእንዶድ ዘገባ ምን ያህል ነጥብ እንደሚያገኝ መገመት አያቅታችሁም።

«ስንት ጊዜ ተጠቀሰ?» የሚለውን በአንድ ቁጥር የጠቀለለው የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ነው፤ በ2005። ኤች ኢንዴክስ ይባላል። አምስት ጽሑፍ ያላት ተመራማሪ 10፣ 8፣ 5፣ 4 እና 3 ጊዜ ብትጠቀስ ኢንዴክሷ 4 ነው፤ አራቱ ጽሑፎቿ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አራት ጊዜ ተጠቅሰዋልና። አሁን ሌላ ሰው እንውሰድ፦ አንዱ ጽሑፉ 1000 ጊዜ፣ የቀሩት አራቱ አራት አራት ጊዜ ተጠቅሰዋል። የእሱም 4 ነው። ሺህ ጊዜ መጠቀሱ ቁጥሩ ውስጥ አይታይም።

መጠቀስ ራሱ ምን ይነግረናል? ኦሊቨር ላውሪ በ1951 የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ አሳተመ፤ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል፤ የዲኤንኤን ቅርጽ ያበሰረው የ1953ቱ ጽሑፍ አጠገቡም አይደርስም። ላውሪ ራሱ ያን ጽሑፍ ታላቅ ሥራ አላለውም፤ ቤተ ሙከራው ሁሉ ስለተጠቀመበት ተጠቀሰ። በ1998 ላንሴት ላይ የወጣው፣ በ12 ሕፃናት ላይ ተመሥርቶ የኩፍኝን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ያያዘው የዌክፊልድ ጽሑፍም በብዛት ተጠቅሷል፤ መጽሔቱ በ2010 ሽሮታል። ሊያስተባብሉት የጠቀሱትም በቁጥሩ ላይ ተደምረዋል።

ተመራማሪዎቹ ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን ደግሞ ኤምአርኤንኤ የሰውነትን መከላከያ እንዳያስቆጣ የሚያደርገውን ዘዴ ያሳተሙት ኤች ኢንዴክስ በተወለደበት በ2005 ነበር። ያኔ ብዙ ጆሮ አላገኙም። ካሪኮ እንዲያውም ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ በዩኒቨርሲቲያቸው ከማዕረግ ዝቅ ተደርገው ነበር። የኤምአርኤንኤ የኮቪድ ክትባቶች በዚያ ሥራ ላይ ቆሙ፤ ኖቤሉም በ2023 መጣ።

የዘርፍ ልዩነትም አለ። በካንሰር ላይ የሚሠራ ተመራማሪ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሺህ አንባቢና ጠቃሽ አለው። በባዶ እግር ቀይ አፈር የሚረግጠውን ገበሬ የሚያጠቃውን ዝሆኔ የሚያጠና ግን ጠቃሾቹ ጥቂት ናቸው። ጤፍና ባቄላ በአንድ ቁና ሰፍሮ ዋጋቸውን ማወዳደር አይቻልም። ለዚህ ነው አንድን ጽሑፍ ከዘርፍ አቻዎቹ ጋር የሚያነጻጽሩ መለኪያዎች የተፈለጉት።

እኛን በተለይ የሚነካ የስም ጣጣም አለ። ዓለም አቀፉ መዝገብ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል። ስለዚህ ዶክተር አክሊሉ «ለማ፣ አ.» ሆነው ተመዝግበዋል፤ ለማ ግን አባታቸው ናቸው። አበበ ከበደ፣ አልማዝ ከበደና አስቴር ከበደ ሦስቱም «ከበደ፣ አ.» ይሆናሉ፤ የአንዱ ጥቅስ ለሌላው ይቆጠራል። በተቃራኒው «ፀሐይ» በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ሲጻፍ አንዲት ሴት ሦስት ተመራማሪ ትሆናለች፤ ኢንዴክሷም ሦስት ቦታ ይቆረሳል። ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የተባለ ባለ 16 አሃዝ መለያ በነፃ ይሰጣል። ተማሪዎች፣ የመጀመሪያ ጽሑፋችሁን ከመላካችሁ በፊት አውጡት፤ ስማችሁንም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል ጻፉ።

ቁጥር ይጣል አላልኩም። ቁጥር ከሌለ ትውውቅና ዝምድና ቦታውን ይይዛሉ፤ ይህንን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በ2012 መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጠነሰሰው፣ ዶራ በሚል አጭር ስም የሚጠራው መግለጫ የመጽሔትን መለኪያ ለሰው መመዘኛ አታድርጉ ብሏል። እኛም ይህን ምክር በተግባር ልናውለው እንችላለን። አመልካቹ የሚኮራባቸውን አምስት ሥራዎች ይምረጥ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የእጁን ድርሻ በግልጽ ይጻፍ፤ ሥራው የሕክምና መመሪያ ለውጦ፣ ሌሎች የሚጠቀሙበት መረጃ ትቶ ወይም ተተኪ አፍርቶ እንደሆነ ያስረዳ። ኢንዴክሱ ከዚያ በኋላ ይታይ።

የኮሚቴ አባላት፣ ለእናንተ ያለኝ ልመና አንድ ነው። የሰውን የዓመታት ድካም ለመዳኘት ስትቀመጡ ከአምስቱ ጽሑፎች ቢያንስ ሁለቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡ። ባላነበባችሁት ላይ አትፍረዱ።