ከመድፈናችን በፊት ቀዳዳውን እንፈልግ

(በግንቦት ወር መደበኛ ስብሰባችን ላይ በመጓጓዣ ንዑስ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ መኪናችን የኋላ ዕቃ መጫኛ ነው። ሲሰሙት ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ባለፈው ክረምት ሁለት ማዳበሪያ ሽሮ እዚያው ውስጥ ረጥቦ መጣሉን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ሽሮና በርበሬ እርጥበት ካገኛቸው ይሻግታሉ። በሻገተ እህልና ቅመም ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖር ስለሚችል፣ አድርቆ መሸጥ በሰው ጤና መቀለድ ነው። «መኪናዋ ትሸጥ» የሚለው ሐሳብ የመጣውም ከዚያ በኋላ ነው።

መኪናችን እንደምታውቋት አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ሸጦ ሌላ መግዛት እንደ ድሮው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እሷን ሸጠን የምናገኘው ገንዘብ የምትተካትን አይገዛልንም።

የጠየቅነው አንድ ጋራዥ «የመጫኛው ወለል ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይቀየር» አለን። ዋጋው ከመጠባበቂያ ሣጥናችን በላይ ነበር። ውኃው በየት በኩል እንደሚገባ ግን ማንም አላሳየንም። መግቢያው ሳይታወቅ ወለሉ ቢቀየር፣ በሚቀጥለው ክረምት አዲሱ ላሜራ ውኃ ይተኛበታል። ስለዚህ ሦስት ሆነን በሁለት ቅዳሜ ራሳችን ፈለግነው። አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ በአሮጌ መኪና የሚሠሩ፣ አፈላለጉ ይጠቅማችኋልና ልብ ብላችሁ ስሙን።

ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ውኃ የሚገባበትና የሚጠራቀምበት ቦታ አንድ አይደለም። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ያላት ታውቀዋለች፤ ባልዲው የሚቀመጠው ቆርቆሮው ከተበሳበት ቦታ በታች ላይሆን ይችላል። በመኪናም ውኃው ከላይ ገብቶ በላሜራው ጠርዝ እየተንሸራተተ ይወርድና ስኮርት ጎማው ሥር ይተኛል። ከዚያ «ወለሉ ተበስቷል» ይባላል።

መጀመሪያ ስኮርት ጎማውን፣ ክሪኩንና ምንጣፉን አወጣን። ውኃውን በጨርቅ ጠርገን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ እንዲመታው ክፍት አደረግነው። ሲደርቅ በእጅ ባትሪ ስናይ፣ ውኃ የሄደበት መንገድ የጭቃና የዝገት መስመር ትቶ ነበር። ያን መስመር ወደ ላይ መከተል ግማሽ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ የኋላውን ኮፈን ዙሪያ የሚከበውን ጎሚኒ ፈተሽን። ወረቀት በቀጭኑ ቆርጦ ጎሚኒው ላይ ማስቀመጥ፣ ኮፈኑን መዝጋት፣ ከዚያ ወረቀቱን መሳብ ነው። ያዝ ካደረገ ጎሚኒው ይሠራል፤ ያለ ምንም ችግር ከወጣ እዚያ ጋ ክፍተት አለ። ብዙ ሰው «ጎሚኒው ይቀየር» ሲለን ነበር። በፈተናው ግን ዙሪያውን ወረቀቱን ያዘልን። ሳንፈትሽ ብንቀይረው ኖሮ ገንዘቡ በከንቱ ይሄድ ነበር።

ሦስተኛው የውኃ ፈተና ነው። የኋላውን ወንበር መደገፊያ አወለቅንና አንዳችን ከመኪናው ውስጥ ሆና ወደ መጫኛው በባትሪ ታያለች፤ ሌላዋ በጆግ ቀስ እያለች ከውጭ ታፈስሳለች። መጫኛው ውስጥ ሰው አስገብቶ ኮፈኑን መዝጋት አያስፈልግም፤ ሕፃን ማስገባትማ ፈጽሞ አይታሰብም። እንደ ላቫጆ በኃይል መርጨትም አይገባም፤ ዝናብ በማይገባበት ሁሉ ውኃ ያስገባና ያሳስታል።

ማፍሰስ የሚጀመረው ከታች ነው። ከላይ ከተጀመረ ሁሉም ይረጥብና የትኛው እንዳስገባ አይለይም። መጀመሪያ ከመብራቶቹ በታች፣ ቀጥሎ የኋላ መብራቶቹ ዙሪያ፣ ከዚያ የኮፈኑ ዙሪያ፣ በመጨረሻ የኋላው መስተዋት ጎሚኒ። በእያንዳንዱ ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ቆየን። ግራው መብራት ላይ ስንደርስ የውስጧ «ቁሚ! ቁሚ!» አለች። በመብራቱና በላሜራው መካከል ያለው ማሸጊያ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሁለተኛው መግቢያ በመስተዋቱ የታች ጥግ፣ ሁለት ላሜራ የሚጋጠምበት ስፌት ላይ ነበር፤ የፋብሪካው መድፈኛ ተላቅቋል። ወለሉ ራሱ አልተበሳም።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይባላል። ለመኪና የሚሠራው ግን ግማሹ ብቻ ነው፤ ሳይደርቅ የተለጠፈ ሁሉ ይላቀቃል። ስለዚህ መብራቱን ፈትተን፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን፣ ፀረ ዝገት ቀለም ቀብተን ማድረቅ ነበረብን። ማሸጊያውን ሶማሌ ተራ ፈልገን ልኩን አጣን፤ ውኃ የማይመጥ ስፖንጅ ጎማ ገዝተን በአሮጌው ልክ ቆረጥነው። ዳዶዎቹን ተራ በተራ እኩል ማጥበቅ ነው፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ የመብራቱ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። ከስፌቱ ላይ አሮጌውን መድፈኛ ፍቀን በመኪና አካል መድፈኛ ሞላነው። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን ግን ባዶ ላሜራ ላይ አታድርጉ፤ በሚደርቅበት ጊዜ የሚያወጣው አሲድ ራሱ ዝገት ይጀምራል።

«ወለሉ ይበሳና ውኃው በታች ይውጣ» ያሉንም ነበሩ። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። ከወለሉ ሥር የነዳጅ ታንከር ሊኖር ይችላል። ከዚህም በላይ ውኃ የሚያስገባ ክፍተት የጭስ ማውጫውን ጭስ ያስገባል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ይገድላል። ኮፈን ከፍቶ መንዳትም የማይገባው ለዚህ ነው። የውኃ ቀዳዳ መድፈን ሽሮን ብቻ ሳይሆን ከኋላ ወንበር የሚቀመጡትን ልጆቻችንንም መጠበቅ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ያንኑ ፈተና በዚያው ቅደም ተከተል ደገምነው። ወለሉ ላይ ያነጠፍነው ጋዜጣ ደረቅ ሆኖ ወጣ። ወጪያችንም የመድፈኛው፣ የስፖንጁ፣ የቀለሙና የብርጭቆ ወረቀቱ ብቻ ነው፤ ደረሰኙ በገንዘብ ያዣችን እጅ ይገኛል።

እውነቱን ለመናገር፣ አሮጌ ናትና ሌላ ቦታ አታፈስም ብለን አንምልም። ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ የመሸጡ ውሳኔ እስከ መስከረም ይቆይ፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ይፍረድ። ሁለተኛ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ሽሮና በርበሬ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ይጫን፤ ከከባድ ዝናብ በኋላም ስኮርት ጎማው ሥር ይታይ። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ይህ ፈተና ይደረግ፤ በየዙሩም ሁለት አዲስ አባላት ይማሩ።

ደጋፊዎቻችን፣ ለመኪናዋ መግዣ ያዋጣችሁት ከአባላቱ ቁጠባ ጋር ተደምሮ ነው። በዚያ ገንዘብ የተገዛው ንብረት ዛሬም ደረቅ ሆኖ ቆሟል፤ ከስብሰባው በኋላ ወጥታችሁ ኮፈኑን ከፍታችሁ እዩት።