ጠብ ማብረድ ሌላ፣ ውል መጻፍ ሌላ



እዚህ ኦሮሚያ ውስጥ፣ ዓለም ገና ከተማ ላይ ቆሞ ስለ ሴቶችና ስለ ሰላም የሚናገር ሰው ከሲንቄ ቢጀምር ያምርበታል። ሲንቄ በኦሮሞ ባህል እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ሁለት ወገኖች ሊጋጩ ሲነሡ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው፣ እየጮኹ ወጥተው መሐል ይቆማሉ። ያን ጊዜ ዱላ ያነሣ ሁሉ እጁን ይሰበስባል፤ እነሱን አልፎ መምታት ነውር ነው፤ እርግማንም አለው። ይህን ሥልጣን የሰጣቸው የኦሮሞ ባህላዊ አስተዳደር የሆነው የገዳ ሥርዓት ነው፤ ዩኔስኮም በ2009 ዓ.ም. በቅርስነት መዝግቦታል።

የሲንቄ ባህል ከጥንት የመጣ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ሴቶች በሰላም ድርድር ይሳተፉ የሚለውን ውሳኔ 1325 ያጸደቀው ግን በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው። ያም ሆኖ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1992 እስከ 2019 በተካሄዱት ዋና ዋና የሰላም ሂደቶች ከተደራዳሪዎች 13 በመቶ፣ ከፈራሚዎች 6 በመቶ ብቻ ሴቶች ነበሩ። የእኛም ከዚህ አይርቅም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥትና ሕወሓት የተዋጉበትን የሰሜኑን ጦርነት ለማቆም የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም ከአሸማጋዮቹ አንዷ ደቡብ አፍሪካዊቷ ፉምዚሌ ምላምቦ ንግኩካ ነበሩ፤ በሁለቱም ወገን የፈረሙት ግን ወንዶች ናቸው። በዚያ ጦርነት በሴቶች ላይ የደረሰውን ግፍ የማያውቅ የለም።

ችሎታ ያላት ሴት ጠፍታ ነው እንዳይባል፣ ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ የአገራችን ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የተባበሩት መንግሥታትን የሰላም ግንባታ ጽሕፈት ቤት መርተዋል።

ጠብ ማብረድ ሌላ ነው፤ ማን ይካስ፣ ማን ይጠየቅ፣ ማን ወደ ቀዬው ይመለስ ብሎ ውል መጻፍ ሌላ። ሴቶችን ለመጀመሪያው እንጠራለን፤ ሁለተኛው ሲደርስ «ቡና አፍሉልን» እንላለን።

ዛሬ የምትመረቁ ሴት ልጆቼ፤ ነገ በቀበሌም በፋብሪካም ኮሚቴ ሲቋቋም «ቃለ ጉባኤ ያዢ» ይሏችኋል። ያዙ፤ የራሳችሁንም አጀንዳ አስይዙ። ወንዶች ልጆቼ፤ ለሽምግልና ስትጠሩ «የተጎዱት ሴቶች የት አሉ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እነሱ ሳይደመጡ በተጻፈ ውል ላይም አትፈርሙ።