ድራይቨርም ደረሰኝ ይፈልጋል

(በማህበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ ርዕስ ስለ ኮምፒውተር ቢሆንም እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና በሒሳብ ቋንቋ ብነግራችሁ ይቀለኛል። ጉዳዩ ሁላችንንም ይነካል። የቁጠባ መዝገባችን፣ የብድር ዝርዝራችንና ለለጋሾች የምንልከው ሪፖርት የሚቀመጠው በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። በጅማም ሆነ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትም ሆነ በጌራ እህቶቻችን የሚሠሩባቸው ማሽኖች አብዛኞቹ ሌላ ሰው ተጠቅሞባቸው የመጡ ናቸው። ማሽኑ በደንብ እየበራ ድምፅ ካላወጣ፣ ኢንተርኔት ካልያዘ ወይም ፕሪንተሩን ካላወቀ፣ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ድራይቨር ነው።

ድራይቨር አስተርጓሚ ማለት ነው። በሐሙስ ገበያ ሻጩ ኦሮምኛ ብቻ፣ ገዢው አማርኛ ብቻ ቢያውቁ፣ ቡናውም ብሩም እያለ ግብይቱ ይቆማል። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው መሃል ሲገባ ሥራው ይሄዳል። ዊንዶውስና ፕሪንተርም እንዲሁ ናቸው። በየቢሮው የምናውቀው ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 የሚሠራበትን ፕሮግራም በበራ ቁጥር ከኮምፒውተሩ ይቀበላል እንጂ በውስጡ አያስቀምጥም። ስለዚህ ድራይቨሩ ከሌለ ቶነሩ ቢሞላም ወረቀቱ ቢገባም አንድ ገጽ አይወጣም።

ታዲያ ድራይቨር ሲጠፋ ምን እናደርጋለን? የተለመደው ፍላሽ ይዞ ወደ ኮምፒውተር ቤት መሄድ፣ ወይም “ሁሉንም ድራይቨር አገኝልሃለሁ” የሚል ፕሮግራም ከኢንተርኔት ማውረድ ነው። እዚህ ላይ ነው የምፈራው። ድራይቨር የሚሠራው በኮምፒውተሩ እምብርት ውስጥ ስለሆነ፣ ከተራ ፕሮግራም የበለጠ ሥልጣን አለው። ምንጩን የማናውቀውን ድራይቨር መጫን የካዝናውን ቁልፍ ለማናውቀው ሰው እንደ መስጠት ነው። በካዝናው ውስጥ ያለው ደግሞ የእናቶቻችን ቁጠባ መዝገብ ነው።

በሒሳብ ሥራ ደረሰኝ የሌለው ወጪ አይመዘገብም። ለድራይቨርም ይህንኑ ሕግ እናውጣ። ከመጫናችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የማን ሥራ ነው? ከየት መጣ? ለየትኛው ማሽን ነው?

መልሱን ማግኘት ከባድ አይደለም። የኮምፒውተሩ ሞዴል ከጀርባው ወይም ከሥሩ ተጽፏል። ዴል ከሆነ 7 ፊደልና ቁጥር ያለው “ሰርቪስ ታግ” አለው፤ በዴል ድረ ገጽ ላይ ሲጻፍ የዚያን ማሽን ድራይቨሮች ያወጣል። ስሙ ያልታወቀ ዕቃ ሲያጋጥም፣ በዊንዶውስ “ዲቫይስ ማናጀር” ውስጥ የአምራቹና የዕቃው መለያ ቁጥር ይገኛል። መጀመሪያ ዊንዶውስ ራሱ እንዲፈልግ እናድርግ፤ ካላገኘ ወደ አምራቹ ገጽ እንሂድ። ዊንዶውሱ 32 ቢት ይሁን 64 ቢትም እንይ፤ የአንዱ ድራይቨር ለሌላው አይሆንም።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። “ድራይቨሩ በነፃ የሚለቀቅ ከሆነ ለምን አባዝተን አናድለውም?” የምትል እህት ትኖራለች። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ድግስ የተጠራ ሰው ይበላል እንጂ ድስቱን ይዞ አይወጣም። በነፃ ማውረድ መቻልና ለሌላ የማደል ፈቃድ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ይጠብቃል። ድራይቨርም ፕሮግራም ነው። አዋጁ በሕጋዊ መንገድ ፕሮግራም የያዘ ሰው ቢጠፋበት መተኪያ የሚሆን አንድ ቅጂ እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳል። አባዝቶ ማከፋፈል ግን የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። አንዳንድ አምራቾች ይህን ፈቃድ በስምምነታቸው ላይ ይሰጣሉ፤ ብዙዎቹ አይሰጡም። ስለዚህ ስምምነቱን ማንበብ የግድ ነው። “ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ” ይባል የለ!

ሳንፈራ የምናካፍለውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው ሊነክስ አብዛኞቹን ድራይቨሮች በውስጡ ይዞ ይመጣል፤ ፈቃዱም መቅዳትና ማደል ይቻላል ይላል። ኡቡንቱ የጫነ አንድ ፍላሽ ከጅማ እስከ አጋሮ ከእጅ ወደ እጅ ቢዞር ሕግ አይጣስም። ኤችፒም ለፕሪንተሮቹ የሊነክስ ድራይቨር አዘጋጅቷል። ፒችትሪ የምትሠሩ እህቶች ግን እዚያ ላይ ስለማይጫን ዊንዶውሳችሁን እንዳትለቁ። ለደብዳቤና ለቁጠባ ሠንጠረዥ ብቻ ለሚያገለግል አሮጌ ማሽን ግን ሊነክስ ይበቃል።

ጊዜም እየሄደብን ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2019 የቆዩ ምርቶቹን ድራይቨሮች ከድረ ገጹ ማንሳት ጀምሮ ነበር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ በጥር 2012፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2018 አቁሟል። ዛሬ በአምራቹ ገጽ ላይ ያለ ፋይል ነገ ላይኖር ይችላል። ማሽኑ እየሠራ ሳለ ያልተቀመጠ ድራይቨር ዲስኩ በመብራት መቆራረጥ ከተበላሸ በኋላ ቢፈለግ አይገኝም።

ስለዚህ አራት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቡድን የኮምፒውተር መዝገብ ይክፈት፤ ሞዴሉ፣ መለያ ቁጥሩ፣ የድራይቨሩ ስም፣ የወረደበት ገጽና ቀኑ ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ ማሽኑ ደህና ሳለ የየራሱን ድራይቨር ወደ አንድ ፍላሽ ገልብጠን ከመዝገቡ ጋር እናስቀምጥ፤ ዊንዶውስ 10 ይህን የሚያደርግበት ትእዛዝ በራሱ ውስጥ አለው። ሦስተኛ፣ ለሌላ ቡድን ስናካፍል በፋይሉ ፈንታ መንገዱን እናካፍል፤ የመዝገቡን ገጽ ብንሰጣት እህታችን ራሷ ከአምራቹ ታወርዳለች። ኢንተርኔት የሌላት ከሆነ ማሽኗን ወይም የማሽኗን ቁጥር ይዛ ጅማ ትምጣ፤ በእሷ ፊት፣ ለእሷ ማሽን እናወርድላታለን። አራተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው፤ ኮምፒውተር ስትለግሱን የዊንዶውስ ፈቃዱን ተለጣፊ አትላጡ፣ አብሮት የመጣውን ዲስክም አትጣሉ። ለእናንተ ትንሽ ነገር ነው፤ እኛን ግን ከብዙ ወጪ ያድነናል።

እህቶቼ፣ ኦዲተር ሲመጣ ብራችን ብቻ ሳይሆን ንብረታችንም ይታያል። በመዝገባችን ላይ ያለው ሁሉ ምንጩ የታወቀ ይሁን።