መጥሪያ ደርሶት ስለማይቀርብ ተከሳሽ



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው፥ ሰው ሁሉ ሊያወራው የማይወደውን፥ ነገር ግን በየችሎቱ የሚያጋጥመውን ጉዳይ ነው። ይኸውም የጠበቃውን ገንዘብ ባለመክፈሉ ተከሶ፥ መጥሪያ ደርሶት ሳይቀርብ፥ በሌለበት የተፈረደበት ሰው ነገር ነው።

በቀድሞ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ጫፍ ተቈራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። የተቈራኘ ሰው መቅረት ቢያምረውም አይችልም። ዛሬ ግን ቁራኛው አንዲት ወረቀት ናት፤ ስለ ቀለለችም ብዙዎች ይንቋታል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የመሥሪያ ቤት ሹም እናስብ። ስለ ውርስ ቤት ሲከራከር ለጠበቃው 30,000 ብር ሊከፍል ተዋዋለ፤ ከዚሁም 10,000 ብር በቅድሚያ ሰጥቶ ደረሰኝ ተቀበለ። ክርክሩን ግን ተረታ። «ያላስረታኝን ጠበቃ ስለ ምን እከፍለዋለሁ?» ብሎ ቀሪውን ከለከለ። ጠበቃውም ሙሉውን 30,000 ብር ጠይቆ ከሰሰው። ሹሙ መጥሪያውን ፈርሞ ከተቀበለ በኋላ በንዴት ከጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። ደረሰኙም የተቀመጠው በዚያው መሳቢያ ነበር።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ በአንቀጽ 70 እንደሚያዝዘው፥ ከሳሽ ቀርቦ ተከሳሽ ሲቀር አስቀድሞ የሚጠየቀው መጥሪያው በደንብ ደርሷል ወይ የሚለው ነው። ካልደረሰ ሌላ መጥሪያ ይታዘዛል፤ ደርሶም ጊዜው ያጠረ እንደ ሆነ ነገሩ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። በደንብ መድረሱ ከተረጋገጠ ግን ክሱ ተከሳሹ በሌለበት ይሰማል። ይህ ማለት ከሳሽ የጠየቀው ሁሉ ያለ ማስረጃ ይፈረድለታል ማለት አይደለም። ነገር ግን ዳኛው በፊቱ የቀረበውን ውል ያያል እንጂ በመሳቢያ የተዘጋበትን ደረሰኝ በምን ዐይኑ ያየዋል? ስለዚህ ሹማችን የከፈለውን 10,000 ብር ጭምር እንደገና እንዲከፍል፥ ኪሣራም እንዲጨምር ይፈረድበታል። ሕጋዊው ወለድም በዓመት 9 በመቶ መሆኑን አንርሳ።

ስለ መረታቱ የተናገረውም ቢሆን፥ ክፍያው በመርታት ላይ የተወሰነ መሆኑ በውሉ ካልተጻፈ በቀር፥ መሸነፉ ብቻውን ዕዳውን አያስቀርለትም። ጠበቃው ከቀጠሮ እየቀረ ጉዳዩን አበላሽቶት እንደ ሆነ ይህ እውነተኛ መከራከሪያ ነው፤ ግን የሚነገረው በችሎት እንጂ በቡና ቤት አይደለም።

ሕጉ አንድ በር ትቷል። በአንቀጽ 78 መሠረት፥ በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በአንድ ወር ውስጥ ለፈረደው ለዚያው ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። መጥሪያው በደንብ አለመድረሱን ወይም በበቂ ምክንያት ለመቅረብ አለመቻሉን ካስረዳ ፍርዱ ይነሣለታል፤ ዳኛውም ኪሣራ እንዲከፍል ወይም ገንዘብ እንዲያስይዝ ሊያዝዘው ይችላል። ተቃራኒው ወገንም ሳይጠራ ፍርዱ አይነሣም። በሆስፒታል ተኝቶ የነበረ ሰው የሐኪሙን ወረቀት ይዞ ይቀርባል። «ሥራ በዝቶብኝ ነበር» የሚለውን፥ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች የለመድነውን ቃል፥ ዳኛ በቂ ምክንያት ነው ብሎ ይቀበለዋል ብዬ አላምንም።

የሹማችን ፊርማ በመጥሪያው ላይ ስላለ የመጀመሪያው ምክንያት አይረዳውም። ፍርዱን ያወቀው የአፈጻጸም ትእዛዝ ለመሥሪያ ቤቱ ደርሶ የሒሳብ ሹሙ በጠራው ቀን ከሆነ፥ ወሩ የሚቈጠረው ከዚያው ቀን ነው።